ሻምበል እና ጽጌረዳዎቹ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «እትዬ ዘነቡ፣ ውሻ የማይነካው አበባ የቱ ነው?» ባለፈው ሳምንት የጠየቀችኝ ጎረቤቴ ናት። ለልጆቿ ቡችላ አምጥታ፣ ቡችላው የተከለችውን ሁሉ ነቅሎ ደጃፏ ላይ ደርድሮላት ነበር። «እንዲህ ያለ አበባ የለም» ስላት ቅር አላት። እውነቴን ነው። ውሻ የማይነካው አበባ የለም፤ ውሻ የሚኖርበት ግቢ ግን መሥራት ይቻላል። ይህን ለመማር የሥራ ዘመኔን ግማሽ ፈጅቶብኛል፣ አንድ ጊዜም ከነፍሴ ጋር ሊለያየኝ ነበር።

በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። ዝናብ ሲቀር እሰጋለሁ፤ ሲመጣም ችግኙን ያጥበዋል ብዬ እሰጋለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ደስ ሲላትም ይጨንቃታል» ትለኝ ነበር። ሥራ የጀመርኩት አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ ችግኝ ጣቢያ ነው። ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ውስጥ አፈር እንሞላለን። ክፍያው ለታክሲና ለዳቦ ይበቃል፣ ለጫማ አይበቃም። ኃላፊያችን ችግኝ ሲጠወልግ እኛን የሚቆጣ፣ ሲያብብ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ነበር። ያም ሆኖ አፈር ማወቅን የተማርኩት እዚያ ነው። ጨብጬ ስለቀው ይበተናል ወይስ ይጣበቃል፣ ሽታው ደኅና ነው ወይስ የታመቀ፣ እጄ ራሱ ይነግረኝ ጀመር።

ከዚያ ፒያሳ የሚገኝ አንድ ሆቴል አትክልተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ የአጥሩን ጥድ በክር እያስለካ የሚያስከረክም፣ አንድ ቅጠል ወጣ ካለች ቀኑ የሚበላሽበት ሰው ነበር። በዚያ ግቢ ውሻ አይገባም፣ ልጅ አይሮጥም፤ እንግዳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይሄዳል። እኔም አበባ ማለት ማንም የማይነካው ነገር መስሎኝ ዓመታት ኖርኩ። ይህን ከጭንቅላቴ ያወጡት ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

ጋሽ ሸምሱ ጉራጌ ናቸው፤ አትክልት ተራ ጀርባ ነበር የሚኖሩት። በአፍንጮ በርና በሥላሴ ዙሪያ ያሉ የድሮ ሰፋፊ ግቢዎችን ያለሙ ነበር። አንድ ቀን ለሆቴሉ ችግኝ ሲያመጡ አፈሩን ስጨብጥ አይተውኝ «ይቺን እጅ እዚህ ጥድ ለማስላጨት ነው እንዴ ያስቀመጧት?» አሉኝ። በወሩ ሆቴሉን ትቼ አብሬያቸው መሥራት ጀመርኩ።

ሶላታቸውን የማያሳልፉ ሰው ስለሆኑ የውሻ ምራቅ እንዲነካቸው አይፈልጉም ነበር። የሥራ ሱሪያቸው ለብቻ ነው፤ ሌላው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሆኖም ግን ውሻን እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ገና ከበር ሲገቡ፣ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ ሳይጨርሱ «ውሻው የታለ?» ይላሉ። ከዚያ ባልዲ ደፍተው ይቀመጡና ያዩታል። ውሻውንም አንቱ ነበር የሚሉት። «ይለፉ ጌታዬ፣ መንገድዎን አልዘጋንም» እያሉ ሲያሳልፉት ባለቤቶቹ ይስቃሉ። እሳቸው ግን አይስቁም።

የከተማችንን ውሻ ኑሮ ታውቁታላችሁ። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሲመሽ ለጥበቃ ይለቀቃል። አበባ የሚያስተክል ሰው ግቢውን የሚያየው ቀን ነው፤ የታሰረውን ውሻ አይቶ ሁሉም ቦታ የእሱ ይመስለዋል። ጋሽ ሸምሱ ግን አመሻሽ ላይ ተመልሰው ይመጡና «ፍቱት» ይላሉ። ውሻው መጀመሪያ አጥሩን ተከትሎ ይዞራል፤ ስለዚህ በአጥሩ ሥር አንድ እርምጃ የሚሆን ቦታ ሳይተከልበት ይቀራል። መንገደኛ ሲያልፍ ሮጦ የሚሄድበት አቅጣጫ አለ፤ እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። በሩ አጠገብ ወደ ውጭ የሚያይበት ቀዳዳ ይተውለታል፤ ማየት የተከለከለ ውሻ ይቆፍራል። ሽንቱ ሣር ስለሚያቃጥል ጥግ ላይ አንድ ግንድ ይተከልለታል። ምጣድ ማሰሻ ይሆናል ተብሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ጉሎ ግን ያለ ርኅራኄ ይነቅሉታል፤ ፍሬውን ያኘከ ውሻ አይተርፍም። በመጨረሻ የውሻውን ሰንሰለት ከካስማው ጋር ያያይዙና ጫፉን ይዘው ይዞራሉ። እግራቸው አፈሩ ላይ ክብ ያሰምራል። «ከዚህ ውስጥ ያለው የሳቸው ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለው የኛ» ይላሉ።

እትዬ ሙሉነሽ አፍንጮ በር የሚኖሩ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ አስጠሩን። ባልየው ይቀመጡበት ከነበረው በረንዳ ፊት ለፊት ጽጌረዳ እንዲተከል ፈለጉ። ቤቱ ውስጥ ልጃቸው ዮናስና የዮናስ ትንሽ ሴት ልጅ ይኖራሉ። ዮናስ ቢሮ ውሎ የሚገባ ጨዋ ሰው ነው፤ ልጁን በሚመለከት ግን ቶሎ ይደነግጣል። ከነሱ ሌላ ሻምበል አለ። ሻምበል ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሟቹ ናቸው። ባለቤቱ ከሞቱ ወዲህ በረንዳው ሥር ነው የሚተኛው። እትዬ ሙሉነሽ «እሱን ሳይ ሰውዬው ገበያ የሄደ ይመስለኛል» ብለውኛል።

የተከልነው በጥር ነው። ጋሽ ሸምሱ ለጽጌረዳ የሚያደርጉት የራሳቸው ነገር ነበራቸው። ከሥጋ ቤት የሚያመጡትን አጥንት ለብለብ አድርገው በመዶሻ ይሰብሩና ከደረቀ ደም ጋር ቀላቅለው ከየችግኙ ሥር ይቀብራሉ። «የጋሽ ሸምሱ ቅመም» ብዬ እቀልድባቸው ነበር። ቅመሙ ደግሞ ይሠራል፤ አበባው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ሻምበልም በሩቁ አሽትቶ ትቶን ሄደ። ሆዱ ሙሉ ነበር፤ ከቤት አጥንቱም ሳንባውም አይቀርበትም።

ሁዳዴ ገባ። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግቢውን ላጠጣ ስሄድ ሁለት ጽጌረዳ ከነሥሩ ተነቅሎ አገኘሁ። በማግስቱ ሦስተኛው ተነቀለ። በበነጋው ጉድጓዱን ልደፍን ስገባ ሻምበል ገና አልታሰረም፤ ጉድጓዱ ላይ ደረቱን ደግፎ ተኝቷል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል። እንደ ጋሽ ሸምሱ «ተነሱ እንግዲህ፣ ሻምበል» ብዬ አፈሩን ለመግፋት እጄን ስዘረጋ፣ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። ወዲያው ጥርሱ የእጄን ጀርባ ጫር አደረገው። ደሙ ብዙ አልነበረም፤ ግን ደም ነው።

ዮናስ ኮቱን እየለበሰ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። እጄን ሽርጤ ውስጥ ሸጎጥኩ። እኔን ሳይሆን ጉድጓዱንና የውሻውን አፍ ነው ያየው።

«እማዬ! ይሄ ውሻ አብዷል!»

ልጁን አንሥቶ ወደ ቤት አስገባና በሩን ዘጋ። ውሻውን ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር በስንት ልመና አሰርነው። እኔ በሚኒባስ ወደ አትክልት ተራ ወረድኩና ለጋሽ ሸምሱ እጄን አሳየኋቸው። ክንዴን ይዘው ቧንቧ ሥር ወሰዱኝና በሳሙና አጠቡኝ፤ ቆዳዬ እስኪጨማደድ ድረስ አልለቀቁኝም። «አሁን ጤና ጣቢያ። ስለ ውሻው በኋላ እናስባለን» አሉ።

ነርሷ መርፌ ጀመረችልኝና ቀጠሮ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ውሻው ዐሥር ቀን ታስሮ ይቆይ፤ እየበላ እየጠጣ ይታይ። በተባለው ጊዜ ውስጥ ደኅና ከሆነ ደኅና ነሽ። እንዳይገድሉት! ከገደሉት ምን እንደነበረበት አናውቅም።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ይፈራል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን አዳምጥ ነበር። ሲያስለኝ «መጣ» እላለሁ። መርፌውን እየተወጋሁ መሆኔን ልቤ አይቀበለውም። ሥራ ስሄድ መጀመሪያ የማየው የሻምበልን የውኃ ሳህን ነው፤ ጎደሎ ከሆነ እፎይ እላለሁ፤ ሙሉ ከሆነ ቀልቤ ይገፈፋል። ስለ እጄ ለእነ እትዬ ሙሉነሽ አልተናገርኩም፤ ፋሻውን ሲያዩ «እሾህ ነው» አልኳቸው። ብናገር ውሻው ያኔውኑ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ እሱ ከሞተ ደግሞ ስለኔ የሚመሰክርልኝ የለም።

ሻምበል በሰንሰለቱ ልክ የደረሰበትን ሁሉ ቆፈረ። እያላዘነ፣ ቀኑን ሙሉ እየተጎተተ አንገቱ ቆሰለ። ዮናስም እንቅልፍ አጣ። በኋላ ሰው አገኘ፤ እንዲህ ያለ ውሻ የሚያስወግድ ሰው። «ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል» አለን። እትዬ ሙሉነሽ ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ።

ዓርብ ቀን ከጋሽ ሸምሱ ጋር አትክልት ተራ አጠገብ ምሳ ተቀመጥን። ለኔ ሽሮ መጣ፤ ለሳቸው ቅቅል። እኔ መብላት አቅቶኝ እንጀራውን እቆራርሳለሁ። እሳቸው ከሥጋው ጥሩውን መርጠው ወደኔ ገፉት።

«ብይ እንጂ። በባዶ ሆድ መጨነቅ ምን ያደርግልሻል?»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ጾም ነው እኮ።»

«አዎ፣ ረስቼው።» አጥንቱን አንሥተው ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ ቆም አሉ። «እነ እትዬ ሙሉነሽም ይጾማሉ?»

«እንዴት አይጾሙ! ያ ቤት በሁዳዴ ቢላዋ እንኳ ታጥቦ ነው የሚቀመጠው።»

«ሻምበልስ?»

«ሻምበል ምን?»

«ምን ይበላል?»

«ከቤቱ የተረፈውን ነዋ። ሽሮ፣ ደረቅ እንጀራ...»

ሁለታችንም የያዙትን አጥንት አየነው። ከዚያ እርስ በርሳችን ተያየን። እሳቸው ሁዳዴን ስለማይጾሙ የገባበትን ቀን አይቆጥሩም። እኔ ደግሞ እየጾምኩ፣ ውሻውም አብሮኝ እየጾመ መሆኑ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሥጋ የለመደውን ውሻ ሥጋ አሳጥተነው፣ አፍንጫው ሥር አጥንትና ደም ቀብረንለታል።

«ያ አላህ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ያሳበድነው እኛ ነን።»

«ርቦት ብቻ ቢሆንስ ጥሩ ነበር» አልኩ። «ግን ታሞም ቢሆን እኮ ይርበዋል።» ስጋቴ እንዲህ ነው፤ በር ተከፍቶልኝም ቁልፉን እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት ገብተው ሳንባ ገዙ። ውሻ የማይነካቸው ሰው ለውሻ ሥጋ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ከኋላቸው እየሮጥኩ ነበር የምከተለው። የግቢው በር ክፍት ነበር። ሰውየው ቀድሞናል። ጥቁር ላስቲክ ይዞ ከሻምበል ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ዮናስ አጠገቡ፣ እትዬ ሙሉነሽ በረንዳው ላይ።

ጋሽ ሸምሱ እያለከለኩ ነገሩን አስረዱ። ስለ አጥንቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ጾሙ። «ይብላና እንየው» አሉና ሳንባውን ከፌስታሉ አወጡ።

እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን አነሡ። «ጋሽ ሸምሱ፣ አክብሮቴን ያውቁታል። ግን በሁዳዴ ሥጋ በደጄ ገብቶ አያውቅም፤ ሰውዬውም በሕይወት እያለ አልገባም።»

«እትዬ፣ ሻምበል እኮ አልቆረበም» አልኩ፤ ሳቅ ግን ከማንም አልወጣም። ያኔ ሌላ መላ አጣሁ። ወደ በረንዳው ወጣሁና ፋሻውን ከእጄ ፈታሁት። «ነክሶኛል። ጉድጓዱን ስደፍንበት ነው። መርፌ እየተወጋሁ ነው። ከገደላችሁት እኔ ምን እንደያዘኝ ሳላውቅ ልኖር ነው።»

ዮናስ ክው አለ። «እትዬ ዘነቡ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ያን ዕለት ይሞት ነበር።»

«ልጄ በዚህ ግቢ እኮ ነው የምትጫወተው!» አልፈረድኩበትም። እኔ ለራሴ የምፈራውን እሱ ለልጁ ነው የሚፈራው።

እትዬ ሙሉነሽ እጄን ይዘው ቁስሉን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ። «ልጄ፣ በላስቲኩ የያዝከው ምንድን ነው?»

ሰውየው አቀረቀረ። «ሥጋ ነው፣ እትዬ። መድኃኒቱን ያለ ሥጋ አይበላልኝም።»

እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉ። «ሊገድለው የመጣው ሥጋ ጾም ሳይከለክለው ገባ። ሊያበላው የመጣውን እኔ በር ላይ አቆምኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።» ሰውየውን እያዘኑለት አሰናበቱት። «ጋሽ ሸምሱ፣ ይስጡት» አሉ።

ሻምበል ሳንባውን ሳያኝክ ነው የዋጠው። ከዚያ ጉድጓዱን ትቶ ጥላ ሥር ሄዶ ተኛ። ዮናስ ለረዥም ጊዜ ሲያየው ቆየና ልጁ የተባለው ጊዜ እስኪያልቅ ከቤት እንዳትወጣ አዘዘ፤ ትክክል ነበር። መብላቱ ብቻ ምንም እንደማያረጋግጥ ነርሷ ነግራኛለች።

በጥበቃው ቀናት ግቢውን እንደገና ሠራነው። የቀበርነውን አጥንት አንድ ሳይቀር ለቅመን አወጣን። ጽጌረዳዎቹን ከሰንሰለቱ ክብ ይበልጥ አርቀን፣ በረንዳው ዳር በድንጋይ ከፍ አድርገን በበሰበሰ ፍግ ብቻ ተከልናቸው። ዳርዳሩን ሽታው ውሻ የሚያሸሽ ጤና አዳም ዞረበት። ጥላው ሥር ደግሞ ሦስት ክንድ የሚሆን ቦታ በልል አፈርና በአሸዋ ሞላንለት፤ መቆፈር ካማረው የሚቆፍረው እዚያ ነው። አጥንቱ እዚያ ይቀበርለታል። ጋሽ ሸምሱ «እድሜዬን ሙሉ ቦታቸውን ስከልልላቸው ኖሬ፣ የሚሠሩት ሥራ ሰጥቻቸው አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅመም አልተጠቀሙበትም፤ ሰው ሲጠይቃቸውም ወሬ ይለውጣሉ።

ሻምበል ይበላል፣ ይጠጣል። እኔ ግን አላምንም። ዛሬ ደኅና ነው፣ ነገስ? እያልኩ ሌሊቱን እገላበጣለሁ።

የተባለው ጊዜ የሚያልቅበት ጠዋት ደረሰ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ቅያሱ ስታጠፍ የሻምበል ጩኸት ሁልጊዜ ይቀበለኛል። ያን ጠዋት የለም። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። የለም። በሩ ጋ ደረስኩ፤ ከውስጥ ድምፅ የሚባል አይሰማም። እጄን አንሥቼ ማንኳኳት አቃተኝ። ካላንኳኳሁ ምንም አልሆነም ብዬ እዚያው ልቆም ፈለግሁ። አንዲት ሴትዮ ስታልፍ «ደኅና ነሽ?» አለችኝ።

በሩ በራሱ ተከፈተ። እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። መጀመሪያ ነጠላቸውን አየሁ፣ እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀውት እንደሆነ። አላዘቀዘቁም።

«ምነው ቆምሽ?»

«ሻምበልስ?»

ከበሩ ገለል አሉልኝ። ሻምበል ሰንሰለቱን እስከ ጫፍ ወጥሮ ወደኔ ቆሟል። ጅራቱ መላ ጀርባውን ያወዛውዛል፤ ድምፅ ግን አያወጣም።

«ኮቴሽን ከሰማ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «ላንቺ መጮኽ ትቷል፤ የቤት ሰው አድርጎሻል።»

በረንዳው ድረስ እንኳ መድረስ አልቻልኩም፤ ውሻው በሚደርስበት ቦታ አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሻምበል መጣና ጀርባውን ጭኔ ላይ አስደግፎ ተኛ፤ እኔም እጄን አላሸሸሁም።